ሠርጉ ለፎቶግራፉ ነው ወይስ ፎቶግራፉ ለሠርጉ?

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



በዛሬው ንግግሬ ስለ ሠርግ ፎቶግራፍ ጥቂት አሳብ ላቀርብላችሁ እወዳለሁ። ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ ቀላል ይመስላል፤ ብዙ ከባድ ጉዳይ ባለበት ዘመን ስለ ፎቶግራፍ መናገር ምን ይረባል የሚልም አይታጣም። ይሁን እንጂ ልጁን የዳረ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፤ ዳሱ ከፈረሰ፤ ድግሱም ተበልቶ እንግዳው ከተሰናበተ በኋላ፤ ከዚያ ሁሉ ድካምና ወጪ በእጅ የሚቀረው ፎቶግራፉ ነው። እንዲህ ከሆነ፤ ይህ የሚቀረው ነገር የዕለቱን እውነት የሚያሳይ ነው ወይስ ለካሜራው ተብሎ የተሠራ ትርኢት ነው ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

በአዲስ አበባ ያለውን ልማድ ታውቁታላችሁ። ሙሽሮቹ ከሙሽራዪቱ ቤት ከወጡ በኋላ ከነሚዜዎቻቸው ወደ መናፈሻ ይወሰዳሉ። በዚያም ለረጅም ሰዓት «ቀና በል፤ ወደዚህ ዙሪ፤ ሣቁ፤ አሁን ደግሞ ግንባሯን ሳማት» እየተባሉ ይታዘዛሉ። ሚዜዎቹም ባንድነት እንዲዘሉ፤ ባንድነት እንዲስቁ ይደረጋል። በአዳራሹ የተቀመጠው እንግዳ ግን ዐይኑን ከበሩ ላይ ተክሎ ይጠብቃል፤ ከሩቅ አገር የመጡት አያትም የልጅ ልጃቸውን በወጉ ሳያዩ ይደክማሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሌላ ነው። ሙሽራው ተንበርክኮ የአባቱን ጉልበት ሲስም ፎቶግራፍ አንሺው «አልያዝሁትም፤ እባክህ ድገመው» የሚልበት ጊዜ አለ። አድማጮቼ ሆይ፤ ምርቃት እንዴት ይደገማል? አባት ልጃቸውን ሲመርቁ ድምፃቸውን የሚያንቀጠቅጠው ስሜት የሚመጣው አንድ ጊዜ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ልጁም የሚንበረከከው፤ አባቱም የሚናገሩት ለካሜራው ነው። ፎቶግራፉ ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የሚያሳየው ምርቃቱን አይደለም።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ያልን እንደ ሆነ፤ መነሻው በቂ ምክንያት ነበረው። ፈረንሳዊው ዳጌር የፈለሰፈው የፎቶግራፍ አሠራር እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1839 ዓ.ም. በፓሪስ ለሕዝብ ሲገለጥ፤ ብርሃኑ በብር በተለበጠው የመዳብ ሰሌዳ ላይ ምስሉን እስኪቀርጽ ድረስ ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። የሚነሣው ሰው ትንሽ ቢነቃነቅ መልኩ ይደበዝዝ ስለ ነበረ፤ ከኋላው ራሱን ደግፎ የሚይዝ ብረት ይቆምለት ጀመር። የእንግሊዝ ንግሥት ቪክቶሪያ በተከታዩ ዓመት በ1840 ዓ.ም. ሲያገቡ በዕለቱ የተነሣ ፎቶግራፍ የላቸውም፤ ሥርዓቱን በሥዕል ያስቀረላቸው ጆርጅ ሄይተር የተባለው ሠዓሊ ነበር።

ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን ካሜራው በሦስት እግር ማቆሚያ ላይ የሚቀመጥ ከባድ ሣጥን ስለ ነበረ፤ የሚሮጠውን ሕፃን ወይም የሚጨፍረውን ሚዜ ተከትሎ ማንሣት አይቻልም ነበር። ስለዚህ ሙሽሮች ወደ ፎቶግራፍ ቤት ሄደው ቀጥ ብለው ይነሡ ነበር። በአገራችንም ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቦያጂያንን ቤተ ሰብ የመሰሉ አርመናውያን በዚህ ሙያ ሠርተዋል። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ባል ተቀምጦ፤ ሚስት በአጠገቡ ቆማ፤ ሁለቱም ሳይስቁ የሚታዩበት አሮጌ ፎቶግራፍ ክብር ያለው ነገር ነው። ጸንቶ መቆም የዚያ ዘመን መሣሪያ ግዴታ ነበርና ሊነቀፍ አይገባውም።

ነገር ግን በ1925 ዓ.ም. ኦስካር ባርናክ የተባለው ጀርመናዊ የነደፈው ላይካ የተባለ ካሜራ ለገበያ ወጣ። ይህ ካሜራ በአንድ እጅ የሚያዝ ትንሽ ሲሆን፤ ለሲኒማ በሚያገለግለው ባለ 35 ሚሊሜትር ፊልም ይሠራ ነበር፤ አንዱ ጥቅልልም 36 ፎቶግራፍ ያነሣል። ከዚያ ወዲህ አንሺው ከሰው መካከል ገብቶ፤ ሰውን ሳያቆም፤ የሰከንድን 125ኛ እጅ በምታህል ጊዜ የሚሆነውን ነገር ለመያዝ ቻለ። ፈረንሳዊው አንሪ ካርቲዬ ብሬሶንም በ1952 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ፤ የአንድ ድርጊት ትርጉምና መልክ የሚገጣጠሙበት ቅጽበት መኖሩንና የፎቶግራፍ አንሺው ሥራ ያንን ቅጽበት ዐውቆ መያዝ መሆኑን አስረዳ። እንግዲህ ሰውን አቁሞ የማንሣቱ ግዴታ ከቀረ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ልማዱ ግን እስከ ዛሬ ከእኛ ጋራ አለ።

ይህ አሠራር በመጀመሪያ የጋዜጠኞች ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ እንደ አሜሪካዊው ዴኒስ ሬጂ ያሉ አንሺዎች ወደ ሠርግ ቤት አመጡት። የዚህን ሰው አንድ ሥራ ለምሳሌ ልጥቀስላችሁ። በመስከረም ወር 1996 ዓ.ም. የፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ጆን ኬኔዲ ካሮላይን ቤሴትን ያገባው በጆርጂያ ክፍለ ግዛት በምትገኘው በከምበርላንድ ደሴት፤ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ጸሎት ቤት ነበር። ጊዜው መሽቶ ነበር፤ ጸሎት ቤቷም የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራትም። ሙሽሮቹ ከበሩ ሲወጡ ሙሽራው የሙሽራዪቱን እጅ አንሥቶ ሳመ፤ እርስዋም ፈገግ አለች። ሬጂ ይህን ሲያነሣ የዚያች ቅጽበት ዕድሜ ከአንድ ሁለት ሰከንድ አይበልጥም ነበር። ፎቶግራፉ በዓለም ሁሉ ታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. ባልና ሚስቱ፤ ከእኅትዋ ጋራ፤ እርሱ ራሱ ያበርረው በነበረው አውሮፕላን ወድቀው ሞቱ። የትዳራቸው ዘመን አጭር ቢሆንም፤ እንዴት ይተያዩ እንደ ነበር የሚመሰክር ፎቶግራፍ ቀርቶላቸዋል።

እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በዕድል ብቻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። አንሺው አያዝዝም ማለት አያስብም ማለት አይደለም። ይልቁንም የሥርዓቱን ተራ አስቀድሞ ይጠይቃል፤ በመስኮቱ የሚገባውን ብርሃን አይቶ ቦታውን ይመርጣል፤ በጸሎትና በምርቃት ጊዜ ፍላሽ አያበራም። ሽማግሌው ሲመርቁ ሽማግሌውን ብቻ ሳይሆን የሚሰሙትን እናት ይመለከታል። የእኛ ሠርግ ደግሞ ለሚጠብቅ ዐይን እጅግ ባለጸጋ ነው። የሙሽራዪቱ ጓደኞች በሩን ዘግተው ሲዘፍኑ የሙሽራው ወገን ሣቁን ሊይዝ ሲሞክር፤ እናት የልጅዋን ዐይነ ርግብ ስታቃና፤ በጓዳ ወጥ የሚያወጡት ሴቶች እልልታውን ሰምተው በበሩ ሲያሾልቁ፤ የደከመው ሕፃን ባባቱ ትከሻ ላይ ሲያንቀላፋ፤ ይህን ሁሉ ማንም ሊያዝዝ አይችልም፤ ቀድሞ ቦታውን የያዘ ሰው ግን ያገኘዋል።

እውነትን መያዝ ማለት ግን ሰውን ማዋረድ አይደለም። አፉን ሞልቶ የሚጐርሰውን እንግዳ፤ ወይም እንባዋን ልትሰውር ፊትዋን ያዞረችውን እኅት አንሥቶ በየስልኩ መበተን ከጨዋነት የራቀ ነው። አንሺው ለማንሣት ዐይን፤ ለመተውም ልብ ያስፈልገዋል።

አሁን እናንተ፤ ልጃችሁን የምትድሩም ሆነ ራሳችሁ የምታገቡ፤ ልታደርጉት የሚቻላችሁን ልንገራችሁ።

በመጀመሪያ፤ ፎቶግራፍ አንሺ ስትመርጡ ከየሠርጉ የተመረጡትን ዐሥር ውብ ፎቶግራፎች አይታችሁ አትርኩ፤ የአንድን ሠርግ ሥራ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ሁለተኛ፤ ተሰብስቦ መነሣት ፈጽሞ ይቅር አልልም፤ የዘመዱ ሁሉ መልክ ባንድነት መገኘቱ ትልቅ ጥቅም አለው። ነገር ግን የሚነሡትን ሰዎች ዝርዝር አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ዘመዱን ሁሉ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠሪ ይሁን፤ አረጋውያን በፊት ተነሥተው ይቀመጡ። እንዲህ ከሆነ ሥራው ከግማሽ ሰዓት አያልፍም። ሦስተኛ፤ አያት የትኞቹ እንደ ሆኑ፤ ሙሽራዪቱን ያሳደገቻት አክስት የትኛዋ እንደ ሆነች ለአንሺው ንገሩት፤ ያላወቀውን ሰው ፊት አይጠብቅምና። አራተኛ፤ በምርቃቱ ሰዓት እንግዶች ስልካቸውን ወደ ኪሳቸው እንዲመልሱ በትሕትና ለምኑ። ዐምስተኛ፤ ፎቶግራፉን ከአንድ በሚበልጥ ስፍራ አስቀምጡ፤ ጥቂቱንም አሳትማችሁ የሰዎቹን ስምና ቀኑን በጀርባው ጻፉ።

አድማጮቼ ሆይ፤ በሠርጋችን ዕለት በፊት ረድፍ የሚቀመጡት ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜያቸው የገፋ ነው። ከዓመታት በኋላ ልጆቻችን አልበሙን ሲገልጡ በመናፈሻ ስለ ተነሣው ዝላይ ብዙ አይጠይቁም። የሚጠይቁት «አያቴ ምን ዐይነት ሰው ነበሩ?» ብለው ነው። ያን ጊዜ ሽማግሌው እጃቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ጭነው፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ የሚታዩበት አንድ ፎቶግራፍ ቢገኝ፤ ከእኛ ቃል ይልቅ እርሱ መልስ ይሰጣል። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ሙሽራው ይንበርከክ፤ አባትም ይመርቁ፤ አንሺውም በስፍራው ሆኖ ይጠብቅ።