አንገት ላይ የተሰፋው ስም ስንት ያወጣል?

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ፣ ከብድር ውሳኔው በፊት የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የሒሳብ ክፍሉ እንደ ወትሮው የቁጠባና የብድር ሪፖርት አንብቦ ብቻ አይቀመጥም። ከልብስ ስፌት ቡድናችን አንድ የብድር ጥያቄ ቀርቦልናል። እጅ ከማውጣታችን በፊት አብረን ብንመክርበት ይሻላል ብለን ነው የተነሣነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ነጋዴ ወደ ቡድናችን መጥቶ በፌስታል የሞላ ማርክ አሳየ። የጣሊያን፣ የፈረንሳይና የአሜሪካ ስም የተጻፈባቸው፣ አንገት ላይ የሚሰፉ ትንንሽ ጨርቆች ናቸው። «ቀሚሳችሁ ጥሩ ነው፣ የጎደለው ይህ ብቻ ነው። ይህን ሰፍታችሁ አምጡልኝ፣ ያላችሁን ሁሉ እወስዳለሁ» አለ። እህቶቻችን የጠየቁት ብድር ለጨርቅ መግዣ ነው፤ ብድሩ የሚመለሰው ግን በዚያ ማርክ ትርፍ ነው።

ሒሳቡን ደብቀን አንከራከርም። ለአንድ ቀሚስ ጨርቁ፣ ክሩ፣ ዚፑና ገበሩ 780 ብር ይፈጃል። የሰፊዋ ዋጋ 350 ብር፣ ኪራይና መብራት ሲደርስበት 70 ብር፤ በድምሩ 1,200 ብር። ዛሬ ያለ ማርክ የምንሸጠው 1,450 ነው፤ የሚተርፈን 250 ብር። ነጋዴው ማርክ ላለበት 1,800 እከፍላለሁ ብሏል። ማርኩ ራሱ 15 ብር ስለሆነ የሚተርፈው 585 ብር ይሆናል። በወር 40 ቀሚስ ብንሰፋ ልዩነቱ 13,400 ብር ነው። ይህ የአንድ ቤት የወር ቀለብ ነው፤ ጥያቄውን ያመጡትን እህቶቻችንን ማንም በክፉ እንዳያያቸው።

አሁን የዚያን ቀሚስ መጨረሻ እንከተለው። ነጋዴው በሚሸጥበት ቡቲክ 4,500 ብር ተለጥፎበት እንደሚሰቀል ራሱ ነግሮናል። ያው ጨርቅ፣ ያው ስፌት፣ ያው ዚፕ ነው። ገዢዋ ከምትከፍለው ከእያንዳንዱ 100 ብር ሰፊዋ ጋ የሚደርሰው 8 ብር አይሞላም። 15 ብር የተገዛው ስም ግን ሱቁን ሁሉ ይዞ ይቆማል።

ታዲያ ስም ዋጋ የለውም ማለት ነው? እንዲህ ብለን ብንጨርስ ቀላል ነበር፤ ውሸት ይሆንብናል እንጂ። መርካቶ ያደግን ሰዎች ነን። ሰልቫጅ ተራ ቆመን ቦንዳ ሲፈታ አይተናል። ለንግድ የሚሆን ያገለገለ ልብስ ወደ አገር ማስገባት የተከለከለ ቢሆንም ዕቃው በኮንትሮባንድ ይመጣል፤ ክምሩ ውስጥ ከፈረንጅ አገር የመጣ፣ እውነተኛ ስም ያለው ሱሪ ይገኛል። ሌላ ሰው ለብሶት፣ አጥቦት፣ ጠግቦት የጣለው ሱሪ፣ እዚህ መጥቶ ሁለት ዓመት ይለበሳል። 900 ብር የተገዛ እንዲህ ያለ ሱሪ በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ዓመት ቢለበስ 200 ጊዜ ገደማ ይሆናል፤ አንዱ መልበስ 4 ብር ተኩል ወጣበት ማለት ነው። በመስታወት ውስጥ የተሰቀለው፣ ያንኑ ስም የለጠፈ አዲስ ኮፒ 3,000 ብር ተገዝቶ ከ30 ጊዜ በኋላ ጉልበቱ ላይ ቢሳሳ፣ አንዱ መልበስ 100 ብር ነው። የመርካቶ ጉድ ይህ ነው፤ ኦሪጅናሉ መሬት ላይ ተከምሮ ይጮህበታል፣ ፌኩ መብራት በርቶለት ይሰቀላል።

እኛም አልተረፍንም። ከሁለት ዓመት በፊት በሒሳብ ክፍል ያለን ሴቶች ለአንዲት ባልደረባችን ሠርግ አዋጥተን ስሙ በወርቅ ቀለም የተለጠፈበት የእጅ ቦርሳ ገዛንላት። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው፣ ከዱባይ በእጅ የመጣ» አለን፤ አመንነው። በሁለተኛው ወር ቆዳ የተባለው ነገር እንደ ድንች ተላጠ። ይዘን ስንመለስ «ከእኛ ለመገዛቱ ማስረጃችሁ የታለ?» ተባልን። ደረሰኝ አልጠየቅንም ነበር፤ የሒሳብ ሠራተኞች ሆነን!

ያን ቀን የገባን ነገር አለ። እውነተኛ ስም የሚሸጠው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ ሲበላሽ የሚጠየቅ ሰው መኖሩን ጭምር ነው። በእኛ ገበያ ይህን ሥራ ሲሠራ የኖረው ደንበኛ የምንለው ነው። እናቶቻችን ጨርቅ ሲገዙ ስም አላነበቡም፤ ደንበኛቸው ሱቅ ሄዱ፣ ቀለሙ ከለቀቀ ተመልሰው ተጣሉ፣ ተለወጠላቸው። ኮፒው ማርክ የሚበድረው የሌላውን ሰው አመኔታ ነው፤ ሲላጥ ግን ባለ ስሙም ሻጩም አይገኝም።

ስለ እውነተኛው ስምም ቢሆን አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የሚባሉት ስሞች ባለቤት የሆነው ፒቪኤች በሐምሌ 2008 ዓ.ም. በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፋብሪካ ነበረው። በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የስተርን ንግድ ትምህርት ቤት ማዕከል ያወጣው ጥናት በፓርኩ የሠራተኛ መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ በጊዜው ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑን ጻፈ። በዚያው ጥናት የባንግላዴሽ 95፣ የኬንያ 207 ዶላር ነበር። አብዛኞቹ ሠራተኞች ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ናቸው። አገራችን ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ተጠቃሚነት ስትወጣ፣ ፒቪኤች ቀድሞ በኅዳር ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ስሙ ውድ ስለሆነ ሰፊዋ ተጠቅማለች ማለት እንዳልሆነ እናውቃለን። ከሥራ የወጡት ልጆች ግን ያቺንም 750 ብር አጥተዋል፤ ይህንም አንርሳ።

በሌላ በኩል ሊያ ከበደን ተመልከቱ። አዲስ አበባ የተወለደችው ሞዴል በ1999 ዓ.ም. አካባቢ ለምለም የሚለውን ስም ስትጀምር የተነሣችው የአገር ቤት ሸማኔ ገበያ እያጣ መሆኑን አይታ ነው። ልብሱ አሜሪካ በዶላር ይሸጣል፤ ስሙም አማርኛ ነው። ፈረንጅ የእኛን ቃል አንገቱ ላይ አድርጎ ሲሄድ፣ እኛ የእነሱን ቃል በፌስታል እንገዛለን።

ሽሮ ሜዳ የምትመላለሱ ታውቃላችሁ፤ ያው በሽታ ወደ ሀበሻ ልብሳችንም ገብቷል። ጥለቱ በማሽን የታተመበት ከውጭ የሚመጣ ጨርቅ «የሀበሻ» ተብሎ ይሸጣል። መለያው ቀላል ነው፤ ገልብጡት። የተሸመነ ጥለት በጀርባው በኩልም ክሩ ይታያል፣ የታተመው ጀርባው ገርጥቶ ነው የሚገኘው። ደግሞ ሒሳባችን ሁሉን እንደማይችል እንመስክር፤ 12,000 ብር የወጣበት የሸማኔ እጅ ሥራ ቀሚስ በዓመት ስድስት ጊዜ ለ10 ዓመት ቢለበስ አንዱ መልበስ 200 ብር ነው፣ ከኮፒው ሱሪ እጥፍ። ሆኖም ለልጅ ይተላለፋል፣ ለእህት ይዋሳል፣ የሸማኔውን ቤት ያቆማል። እዚህ ላይ ከመዝገባችን ጋር አንስማማም፤ ገንዘብ ያላት ትግዛው።

ወጣት እህቶቻችን «እናንተ ቢሮ ስለማትታዩ ነው» ይሉናል። እውነት አላቸው። ባንክ ለሥራ ስትቀርብ ሰው ከላይ እስከ ታች ያያታል፤ ትምህርት ቤት ልጅ በጫማው ይሾፍበታል። እናት ከቁጠባዋ አውጥታ ስም ያለው ጫማ የገዛችበትን ምክንያት በመዝገባችን ላይ ቀይ መስመር አስምረን አንፈርድባትም። የምንላት ስትገዢ ስፌቱን ቁጠሪ፣ የውስጥ ትርፍ ጨርቁን እዪ፣ ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ፣ ከሁሉ በፊት ደረሰኝ ተቀበዪ ነው።

ወደ ብድሩ እንመለስ። የሌላውን ስም መስፋት በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 ያስጠይቃል፤ የሚያስቀጣውም በእስራት ጭምር ነው። ነጋዴው ፌስታሉን ይዞ ሲሰወር መኪናው ላይ የምትገኘው ሰፊዋ ናት፤ ብድሩን የተዋሰችው ደግሞ ከእናንተ ቁጠባ ነው። የሒሳብ ክፍሉና የብድር ኮሚቴው በዚህ መልክ ብድሩ እንዳይሰጥ ሐሳብ አቅርበናል።

ነገር ግን «አይሆንም» ብቻ ብለን 13,400 ብር ከእህቶቻችን አፍ መንጠቅ አልፈለግንም። የምናቀርበው ሌላ ሐሳብ ነው፤ ብድሩ ለጨርቅ ይሰጥ፣ ማርኩ ላይ የማኅበራችን ስም ይጻፍ፣ በስሙ ሥር የሱቃችን ስልክ ይግባ። ዚፑ በስድስት ወር ውስጥ ቢበላሽ በነፃ እንቀይራለን። ዋጋው 1,600 ይሁን፤ 15 ብር ለማርክ፣ 25 ብር ለጥገና ሲቀመጥ 360 ብር ይተርፋል። ከነጋዴው 585 ያነሰ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት 40 ላይሸጥም ይችላል፤ ይህንን ለቡድኑ አስቀድመን ነግረናል፣ ሁለቱ አኩርፈዋል፣ አንዷ ደግሞ ዛሬ አልመጣችም። የሦስት ወር የመክፈያ እፎይታ እንዲሰጣቸው የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

አሁን ሁለት ቀሚሶች በመካከላችሁ ይዞራሉ። ሁለቱንም የሰፋችው አንድ እጅ ናት፤ አንዱ የነጋዴው ማርክ አለበት፣ ሌላው ምንም የለበትም። ገልብጣችሁ እዩአቸው፣ ስፌቱን ጎትቱት፣ ለፈተና አትሳሱ። ከዚያ ሰብሳቢያችን እጅ ያስወጣሉ።