በሐምሌ ኑ

 

ተመራቂዎችና ወላጆች፣ ስትገቡ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አባቶች ጃንጥላቸውን ሲያራግፉ፣ እናቶች የነጠላቸውን ጫፍ ከጭቃ ሰብስበው ሲይዙ፣ እናንተም ጋዋናችሁን ሰቅላችሁ ከድንጋይ ድንጋይ ስትረግጡ አየሁ። አንዲት ተመራቂ ነጭ ጫማዋን በፌስታል ቋጥራ፣ በላስቲክ ጫማ መጥታ ደጃፍ ላይ ቀየረች። ይህች ልጅ የኮልፌን ክረምት ታውቀዋለች አልኩ በልቤ። አሁንም ቆርቆሮው ላይ የሚወርደውን ትሰማላችሁ፤ ስለዚህ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ።

እኔ የዚሁ ሰፈር ልጅ ነኝ። ያደግኩት አጠና ተራ ሲሆን አባቴም አጠና ይሸጥ ነበር። አንዱን ጫፍ መሬት አስነክቶ፣ ሌላውን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ መጣመሙን ያያል። ከዚያ ገዢውን "የት ነው የምትሠራው?" ይለዋል። ደረቅ ሜዳ ላይ ከሆነ አንድ ዓይነት ያወጣለታል፤ ወንዝ ዳር ወይም ጨፌ ላይ ከሆነ ሌላ። መሬቱን ሳይጠይቅ እንጨት አይሸጥም ነበር። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ የከተማ ፕላን ስማር ይህን የአባቴን ጥያቄ ረሳሁት። የረሳሁበትን ቀን ዛሬ ልንገራችሁ፤ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ጊዜው በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው። በጥር ወር ከሁለት ቀያሾች ጋር ከዚህ ብዙም ወደማይርቅ ተዳፋት ተላክን። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። በሁለት መንደሮች መካከል ሣር የለበሰ፣ ማንም ያልሠራበት ሰፊ ቦታ አገኘንና ቲዎዶላይቱን ተከልን። አጠገባችን ባለች ጭቃ ቤት ደጃፍ አንዲት እናት ቡና ይቆሉ ነበር። ብዙ አይተውን ቆዩና "ልጆቼ፣ ምን ልትሠሩበት ነው?" አሉ። "መኖሪያ ቤት ይሆናል እማማ" አልናቸው። "ይሄ'ኮ የውሃ መንገድ ነው" አሉ። ዞር ብለን አየን፤ ጠብታ የለም። ፊታችንን አነበቡት መሰል፣ "አሁንማ ምን ይታያል። በሐምሌ ኑ" አሉን። ቡናቸውን ጠጣን፤ አመሰገንን፤ ሄድን። ማስታወሻዬ ላይ የእሳቸውን ነገር አልጻፍኩም። ካርታው ላይ ቦታውን ቢጫ ቀባሁት፤ መኖሪያ ማለት ነው።

ቦታው ተሸነሸነ፤ ሰው ገባበት። በሦስተኛው ዓመት፣ በነሐሴ አንድ ሌሊት ውሃው መንገዱን ይዞ መጣ። ሰው አልሞተም፤ እዚህ ቆሜ ይህን ለመናገር አቅም የሚሰጠኝም እሱ ብቻ ነው። ጠዋት ስደርስ ፍራሹ፣ ዱቄቱ፣ ልብሱ ከጭቃ ጋር ተለውሶ ተከምሯል። አንድ አባት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ የልጁን ደብተር ገጽ በገጽ እየነጠለ ያሰጣ ነበር። ፀሐይ ግን አልነበረም።

የእማማ ቤት ውሃ አልገባበትም። ደፉን ሦስት ድንጋይ ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። ይወቅሱኛል ብዬ አንገቴን ደፍቼ ቀረብኩ፤ አልወቀሱኝም። ክንዴን ይዘው ወደ በሩ መቃን ወሰዱኝ። መቃኑ የጥድ ነው፣ ከዕድሜ ብዛት ጠቁሯል። በውጭ በኩል፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ በቢላ የተጫሩ አሥራ አንድ መስመሮች አሉበት። በጣታቸው እየነኩ ቆጠሩልኝ። "ይሄ የበኩር ልጄን የወለድኩበት ክረምት። ይሄ ባለቤቴ ያረፈበት። ይሄ ንጉሡ የወረዱበት ዓመት። ይሄ ደግሞ የትናንት ማታው።" የትናንቱ ጭረት ገና ነጭ ነበር፤ እንጨቱ ይሸታል። ሜትሬን አውጥቼ ለካሁ። ከፍተኛው መስመር ከመሬት 74 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። የትናንቱ ከላይ ሦስተኛው ነበር። ያን ሁሉ ቤት ያበላሸው ውሃ፣ ያ ቦታ ከሚያውቃቸው ውሃዎች ትልቁ አልነበረም ማለት ነው።

እኔ የምሠራበት ቢሮ ለዚያ ተዳፋት የአንድ ዓመት እንኳ የጎርፍ መዝገብ አልነበረውም። የእሳቸው መቃን ግን የሠላሳ ዓመት ይዟል። እኛ ደግሞ ቡናቸውን ጠጥተን ሄድን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሄድኩበት ስብሰባ ሁሉ የምነታረክበት አንድ ጉዳይ አለኝ፤ የሚያውቁኝ ባልደረቦቼ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ገና ሳልጀምረው አውቀውታል። የዚህች አገር ቅየሳ የሚሠራው በበጋ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፤ የበጀት ዓመት ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል። ዝናቡ በሚጠነክርበት በሐምሌና በነሐሴ መኪናው ነዳጅ የለውም፣ ባለሙያው የውሎ አበል የለውም፤ አዲሱ ገንዘብ ተለቆ መስክ የሚወጣው መሬቱ ሲደርቅ ነው። የአየር ፎቶውም ደመና በሌለበት ወር ይነሳል። እንግዲህ አስቡት። የአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው በሦስት ወር ውስጥ ይወርዳል፤ ፕላን የሚያወጣላት ሰው ግን የሚያውቃት በቀሩት ወራት ነው። ከወጨጫ የሚነሳው ትንሹ አቃቂ በጥር አንድ ሕፃን ዘሎ የሚሻገረው ነው፤ በነሐሴ ድልድዩን ያንቀጠቅጠዋል። በካርታችን ላይ ያለው ግን የጥር ወሩ አቃቂ ነው።

ሳያዩ መሳል በእኛ አልተጀመረም። ጣሊያን አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ፣ የዘመኑ ስመ ጥር አርክቴክት ለኮርቡዚዬ ለከተማችን ንድፍ ሠርቶ ነበር። ቀጥ ያለ አውራ ጎዳና ይሰነጥቃታል፤ ነዋሪዋም ቤቷም እንዳልነበሩ ያህል ነው። ሰውየው አዲስ አበባን አላያትም። በዚያው በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዲስ በህንድ ከተሞች ጠባብ መንገዶች በእግሩ እየዞረ፣ መንደሩን ሁሉ ከማፍረስ ጥቂት ቤት ነክቶ አየርና መተላለፊያ መስጠት ይሻላል ብሎ ይከራከር ነበር። ሁለቱንም በክፍል ተምራችኋል። ፈተናው ላይ የለኮርቡዚዬን በደንብ እንደጻፋችሁት እርግጠኛ ነኝ። ሥራ ላይ ግን የጌዲስን ጫማ አድርጉልኝ።

ፕላን የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ነው የሚላችሁንም አትመኑ። የአዲስ አበባና በዙሪያዋ ያሉ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ መሪ ፕላን የተባለው ከ2006 ጀምሮ ያስከተለውን ተቃውሞ ታስታውሳላችሁ። ሰው ሞቶበታል፤ በጥር 2008 ቆመ። ቀለም የተቀባ ወረቀት ለአርሶ አደሩ ማሳው፣ የአባቱ መቃብር፣ የልጁ ርስት ነው። አዋጅ ቁጥር 574/2000 ፕላን ሲዘጋጅ ሕዝብ ይወያይበት ይላል። እኔ የማውቃቸው ውይይቶች ብዙዎቹ ግን ፕላኑ ካለቀ በኋላ፣ ለስላሳና ውሃ በተደረደረበት አዳራሽ የተደረጉ ናቸው። እናንተ ይህን ውይይት ብላችሁ እንዳትመዘግቡ፤ በጣም አዝንባችኋለሁ።

ከዚህ አዳራሽ ሳንርቅ ደግሞ ረጲ አለ። ቆሼ እንለዋለን። የከተማው ቆሻሻ እዚያ መጣል ከጀመረ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የተጀመረው ቦታው ከከተማ ውጭ በነበረበት ዘመን ነው። ከተማው እያደገ ሄዶ ከበበው፤ ሰው ከሥሩ ቤት ሠራ። በ2008 ሰንዳፋ ላይ አዲስ ማስወገጃ ተከፈተ፤ መሬታችንን፣ ውሃችንንና ከብታችንን ጎዳብን ያሉ ገበሬዎች ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥ ተዘጋና ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተናደ። ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ያ የሆነው በክረምት አይደለም፤ ስለዚህ የእኔ የሐምሌ ነገር ብቻውን አያድንም ብትሉኝ እውነት ነው። ግን አንድ ነገር ተመልከቱ፤ ሰንዳፋ ያለው ገበሬና ረጲ ሥር ያለችው እናት ተያይተው አያውቁም። አንዱ ጋ ያልተሰማው ነገር ሌላዋ ቤት ላይ ወረደ። ክልላዊ ፕላን የሚባለውን ትምህርት ለሁለት ሴሚስተር ወስዳችኋል፤ ለእኔ ትርጉሙ ይሄ ነው።

ወላጆች፣ እናንተን ሳላመሰግን አልወርድም። ከመካከላችሁ በጨረቃ ቤት ልጅ ያሳደጋችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ሌሊት በሰው ዓይን ተደብቃችሁ ግድግዳ ስታቆሙ የነበራችሁ፣ "ሊያፈርሱ መጡ" በተባለ ቁጥር የልጅ ደብተር ቀድማችሁ የምታወጡ። ያ ልጅ ዛሬ ቤት ይፍረስ፣ ቤት ይቁም ብሎ የሚፈርም ሰው ሆኗል። ማታ ቤት ስትደርሱ ያንን ጊዜ ንገሩት፤ ይወቀው።

ልጆች፣ ጂአይኤስ ከእኔ በብዙ እጥፍ ትችላላችሁ፤ እሰየው። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች አንድ ሰፈር "ባዶ መሬት" ብለው ሲያሳዩኝ፣ እዚያ ቦታ በየወሩ የሚሰበሰብ ዕድር እንዳለ አላወቁም ነበር። ድንኳኑ በሳተላይት ፎቶ አይታይም። ሰው ሲሞት ብቻ ነው የሚተከለው።

የእማማ ቤት ከዓመታት በኋላ ለልማት ተነሳ። እኔ መነሳቱን የሰማሁት ዘግይቼ ነው። መቃኑን ፍለጋ ሄድኩ፤ ቦታው ተጠርጓል፣ እሳቸውም ወዴት እንደሄዱ የሚነግረኝ አላገኘሁም። አሥራ አንዱ መስመር ከነስማቸው ያለው ያን ዕለት ጠዋት እጄ እየተንቀጠቀጠ በጻፍኩበት ደብተር ላይ ብቻ ነው። ደብተሩን አምጥቼዋለሁ። ለትምህርት ክፍላችሁ ቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ።

ከመስጠቴ በፊት ግን አንድ ጊዜ ልጠቀምበት። የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት አጠና ተራ እቆማለሁ። ዝናብ ቢጥልም እቆማለሁ፤ እንዲጥልልንም እለምናለሁ። ተዳፋቱን ከላይ እስከ ወንዙ አብረን እንወርዳለን፤ በየደጃፉ እንጠይቃለን። ቦቲ አድርጉ። ሜትርና እርሳስ ያዙ፤ ስክሪብቶ በዝናብ አይጽፍም። ቡና የሚሉን ካሉ ደግሞ ቁጭ ብለን እንጠጣለን፤ የሚነግሩንን እስከ መጨረሻው እንጽፋለን።