የጠራ ውኃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም



የዛሬው ንግግሬ መነሻ በሳሎኔ ጥግ የተቀመጠ፣ ስድሳ ሊትር ውኃ የሚይዝ የመስታወት ገንዳ ነው። በውስጡ ኒዮን ቴትራ የሚባሉ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝሙ ዓሦች ይኖራሉ። የትውልድ ስፍራቸው የላይኛው አማዞን ተፋሰስ ነው፤ ጆርጅ ማየርስ በ1936 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቃቸውም በዊልያም ኢንስ ስም ሰይሞ ነው። በጎናቸው የሚያበራው ሰማያዊ መስመር፣ በቆዳቸው ሕዋሳት ውስጥ የተደረደሩ የጉዋኒን ክሪስታሎች ብርሃንን ሲያንጸባርቁ የሚፈጠር ነው። ዓሣው ሌሊት ሲያርፍ ወይም ሲጨነቅ መስመሩ ይደበዝዛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህን ገንዳ አዘጋጅቼ፣ ክሎሪኑ እንዲለቅ ያሳደርሁትን የቧንቧ ውኃ ሞላሁበት፤ ማሞቂያውን 25 ዲግሪ ላይ አድርጌ በማግስቱ ስምንት ዓሦች ጨመርሁ። ውኃው እንደ ብርሌ የጠራ ነበር። በዐሥራ አንደኛው ቀን በሕይወት የቀረው አንድ ዓሣ ብቻ ነው። ለዓመታት ስለ ማስረጃ ያስተማርሁ ሰው፣ ውኃውን ሳልመረምር በዓይኔ ብቻ ፈረድሁ።

ምክንያቱ የተሰወረ አልነበረም። ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል፤ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ሲከማች ስንጥብን ያቃጥላል። ባክቴሪያዎች ይህን መርዝ በመጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎም ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም ቢሆን የደሙን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን እንዳይሸከም ስለሚያደርግ፣ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውኃ ውስጥ ታፍኖ ይሞታል። ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ የእነዚህን ባክቴሪያዎች ሥራ በ1890 እ.ኤ.አ. አሳይቷል። በማጣሪያው ስፖንጅና በጠጠሩ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩት እነዚህ ሕያዋን በአዲስ ገንዳ ውስጥ በበቂ ቁጥር ለመራባት ሳምንታት ይፈልጋሉ። እኔ የሰጠኋቸው አንድ ቀን ነበር።

የተረፈው ዓሣ ከማጣሪያው ጀርባ ተሸሸገ። መስመሩ ደብዝዞ ግራጫ መሰለ፤ ምግብ ስጨምርለትም አይወጣም። ልጄ «አባዬ፣ ብቻውን ሆኖ ከፋው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰውን ስሜት ለዓሣ ለመስጠት አልደፈርሁም፤ ጥያቄዋን ግን ልተወው አልቻልሁም።

እኛ መንጋን ስናይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን የአንድነት ምሳሌ እናደርገዋለን። ዊልያም ሃሚልተን በ1971 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ከዚህ ይለያል፤ እያንዳንዱ እንስሳ በራሱና በአዳኙ መካከል ሌላውን ለማድረግ ብቻ ቢንቀሳቀስ እንኳ መንጋ ሊፈጠር ይችላል። ተመሳሳይ አካላት አብረው ሲንቀሳቀሱም አዳኙ አንዱን ለይቶ ለመያዝ ይቸገራል። ዓሦቹ በዓይናቸውና የውኃን እንቅስቃሴ በሚያስተውለው፣ የጎን መስመር በሚባለው የስሜት አካላቸው እርስ በርስ ይከታተላሉ። ስለዚህ ለልጄ «ከፍቶት እንደ ሆነ አላውቅም፤ መሸሸጊያው ግን ሌሎቹ ዓሦች ነበሩ» አልኋት።

ቸኩዬ ሌሎች አልገዛሁም። የውኃ መመርመሪያ ገዛሁ፤ በየቀኑ የውኃውን ሩብ እየቀየርሁ ውጤቱን በደብተር መዘገብሁ። መጀመሪያ አሞኒያው፣ ቀጥሎም ናይትራይቱ ከፍ ብሎ ወረደ። በሰባተኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቻ ቀረ። ያን ጊዜ ስድስት ዓሦች፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሌሎች ስድስት ጨመርሁ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት በገቡበት ቀን ማምሻውን የቀድሞው ዓሣ ከማጣሪያው ጀርባ ወጥቶ ከመካከላቸው ገባ። በማግስቱ ጧት ከአዲሶቹ ልለየው አልቻልሁም።

ዛሬም ስፖንጁን በቧንቧ ውኃ አላጥበውም፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋልና፣ ከገንዳው በቀዳሁት ውኃ አለቀልቀዋለሁ። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋም ከዓሦቹ ሌላ የማስብላቸው አሉ፤ ውኃ ካልተመላለሰ በማጣሪያው ውስጥ ያሉትም ኦክስጅን ያጣሉ።

ሰባት ትንንሽ ዓሦች ቢሞቱ ምን ያስደንቃል የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። የሚያሳፍረኝ ሊያድናቸው የሚችለው እውቀት ከመቶ ዓመት በላይ በመጻሕፍት ተጽፎ መቆየቱ ነው። የእኔን አለማወቅ ዋጋ የከፈሉት እነርሱ ናቸው። ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በእጃችሁ የሚገባው ሕመምተኛ፣ ማሳ ወይም የክፍል ሙሉ ሕፃናት ሊሆን ይችላል። ላይ ላዩ ጠርቶ ስታዩት፣ ከመፍረዳችሁ በፊት መርምሩ፤ አንዱ ለብቻው ደብዝዞ ስታዩትም፣ ችግሩ ከእርሱ ነው ከማለታችሁ በፊት ዙሪያው ምን እንደ ጎደለ ጠይቁ።