ሚዛን የሚያጸና ዝግታ

አቅራቢ 1፦ የፓርኪንሰን ሕመም ሲጠና ሰው ሚዛኑን ይስታል፤ ይወድቃል። መድኃኒቱ ደግሞ ለሚዛን እምብዛም አይደርስም። በአሜሪካ ኦሪገን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት ታይ ቺን የፈተነው ለዚህ ነው።

አቅራቢ 2፦ ቻይናውያን በዝግታ የሚሠሩት እንቅስቃሴ?

አቅራቢ 1፦ እሱው። 195 ሕሙማን በሦስት ቡድን ተከፈሉ፦ ታይ ቺ፣ ጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሰውነት ማፍታቻ። በሳምንት ሁለቴ፣ ለ24 ሳምንት። ሐሳባቸውን እርምጃቸው ላይ አሳርፈው፣ ክብደታቸውን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወሩ የሠሩት የታይ ቺ ሰዎች በሚዛን ሁለቱንም በለጡ። ደስ የሚል ውጤት ነው!

አቅራቢ 2፦ መውደቁስ?

አቅራቢ 1፦ ሰውነት ካፍታቱት ያነሰ ወደቁ። ከጡንቻ አጠንካሪዎቹ ጋር ግን የጎላ ልዩነት አልታየም፤ ይህም መነገር አለበት።

አቅራቢ 2፦ እንግዲህ ክኒኑን አያስጥልም።

አቅራቢ 1፦ በፍጹም! አድማጮቻችን፣ መድኃኒታችሁን ሳታቋርጡ ሐኪማችሁን አማክሩ፤ ስትጀምሩም የሚደግፋችሁ ሰው ከጎናችሁ ይቁም።