መዝገባችን እውነት እንዲመልስልን
(በፍኖተ ሰላም ለአባላትና ለደጋፊዎች ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ መዝገባችን ነው። የእቁብ ጸሐፊ «ማን ከፈለች? ማን ይቀራታል?» ስትባል ደብተሯን ገጽ በገጽ ታገላብጣለች። አባላት ሲበዙ፣ ቁጠባና ብድር ሲደራረብ ግን ማገላበጥ ብቻውን አይበቃም። በርበሬና በቆሎ ተሸጦ ብድር የሚመለስበት ወቅት ሲደርስማ የሁሉም ክፍያ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ስለዚህ መዝገቡን ሲኤስቪ በሚባል የጽሑፍ ፋይል እንይዛለን። አንድ መስመር አንድ ክፍያ ነው፤ በመስመሩ ያለው ሁሉ በኮማ ይለያል። ለምሳሌ፦

147,ፀሐይ,ቡሬ,ቁጠባ,200,2016-03-09

የአባል ቁጥር፣ ስም፣ ቦታ፣ ዓይነት፣ ብር፣ ቀን ማለት ነው። ኮማው የፈረንጆቹ ይሁን፤ የእኛን ነጠላ ሰረዝ ፕሮግራሙ እንደ መለያ አይቆጥረውም።

ይህን ፋይል የምንጠይቅበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ አይቢኤም በተባለው ኩባንያ የተሠራ ነው። ኤስኪውላይት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ፋይሉን እንደ ሠንጠረዥ ይቀበላል፤ ክፍያም ኢንተርኔትም አይጠይቅም። ትእዛዞቹ የእንግሊዝኛ ቢሆኑም ለዕለት ሥራችን ጥቂቶቹ ይበቃሉ። «ሰሌክት» የትኛውን ዓምድ እንደምናይ፣ «ፍሮም» ከየትኛው ሠንጠረዥ እንደሆነ፣ «ዌር» የትኞቹን መስመሮች ብቻ እንደምንፈልግ፣ «ግሩፕ ባይ» በምን እንደምንመድብ ይናገራሉ፤ «ሰም» ደግሞ ይደምራል። «ከቡሬ አባላት እያንዳንዷ ስንት ቆጠበች?» ለማለት፦ የአባል ቁጥርና የብር ድምር አሳየኝ፤ ከመዝገቡ፤ ቦታው ቡሬ፣ ዓይነቱ ቁጠባ የሆነውን ብቻ፤ በአባል ቁጥር መድበህ። መልሱ ወዲያው ይመጣል።

ነገር ግን እህቶቻችን፣ ኮምፒውተር የተጻፈውን እንጂ የታሰበውን አያውቅም። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚበደለው።

መጀመሪያ ስምን እንመልከት። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ ብለን ብንጽፍ ለእኛ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው ሦስት ሴቶች ናቸው። በስም ከመደብን 600 ብር የቆጠበችው እህታችን ሦስት ቦታ 200፣ 200 ሆና ትታያለች፤ ብድር ስትጠይቅ «ቁጠባሽ አልሞላም» ትባላለች። በተቃራኒው በስምም በአባት ስምም የሚመሳሰሉ ሁለት ሴቶች አንድ ይሆኑና የአንዷ ዕዳ በሌላዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ምደባው ሁልጊዜ በአባል ቁጥር ይሁን። ፊደል ያልቆጠረች እናትም ቁጥሯን በቃሏ መያዝ ትችላለች።

ሁለተኛ፣ ብር። ከሲኤስቪ የገባ ዓምድ ቁጥር መሆኑ ካልተነገረው ኤስኪውላይት እንደ ጽሑፍ ሊያየው ይችላል፤ ያኔ 1000ን ከ200 ያነሰ ያደርገዋል፤ 1 ከ2 ይቀድማልና። በብሩ መካከልም ኮማ አይግባ፤ 1,500 ብለን ከጻፍን አንዱ ዓምድ ሁለት ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ቀን። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ብለን በዚህ ተራ፣ ወሩንም ቀኑንም በሁለት አኃዝ ከጻፍን የክፍያዎቹ ቅደም ተከተል አይዛባም። የቀን ስሌቱን ግን ለፕሮግራሙ አንስጠው፤ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ብቻ ነው። 2016-02-30 ብለን የጻፍነውን ጥቅምት 30 ወደ ሦስተኛው ወር ያሻግረዋል፤ ጳጉሜን 13ኛ ወር ብንለው ደግሞ ባዶ ይመልሳል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ነገር እንበል። የቆጠበች፣ የተበደረችና የሠለጠነች አንዲት ሴት በሦስት መስመር ትገኛለች። መስመር ከቆጠርን «ሦስት ሴቶች» እንላለን። «ካውንት ዲስቲንክት» በሚለው ትእዛዝ የአባል ቁጥሮችን ከቆጠርን መልሱ አንድ ነው። ወደ እናንተ የሚደርሰው ቁጥር ቢያንስም እውነተኛው ይሁን።

አበው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። የሚወረሰው ስሕተት እንዳይሆን ሦስት ነገር አደራ እንላለን። እያንዳንዷ አባል ቁጥሯን ትወቅ። በየቡድኑ ቢያንስ ሁለት ሴቶች መዝገቡን መጠየቅ ይማሩ፤ አንዷ የጠየቀችውን ሌላዋ ታረጋግጥ። ማንም ሴት ደብተሯ ከመዝገቡ ጋር ሳይመሳከር ባለዕዳ አትባል።