ድምፃችሁ በልኩ ይመዘን



የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት፤ የምርጫ ክልሎቹ ግን 138 ናቸው። ስለዚህ አንድ የምርጫ ክልል በአማካይ ከሁለት በላይ ተወካዮችን ይልካል። የሚያልፈውም ከሌሎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ነው፤ ግማሽ መሙላት አይጠበቅበትም።

ከ100 መራጮች 40ው ለአንድ ፓርቲ፣ 35ቱ ለሌላ፣ 25ቱ ለሦስተኛ ድምፅ ቢሰጡ፣ ባለ 40ው ወንበሮቹን በሙሉ ይወስዳል። የ60ው ሰው ድምፅ ከምክር ቤቱ ደጃፍ ይቀራል።

በ2007 ዓ.ም. 294ቱንም መቀመጫ አንድ ፓርቲ ያዘ። የፖለቲካው ምኅዳር መጥበብ ድርሻ ነበረው፤ ሥርዓቱም አግዞታል። በ2010 ዓ.ም. ገዥው ግንባርና ተደራዳሪ ፓርቲዎች ቅይጥ ሥርዓት ላይ ቢስማሙም ሥራ ላይ አልዋለም። የ2013ቱ ምርጫም በአብላጫ ድምፅ ተካሄደ።

ፓርቲያችን የአካባቢ ተወካያችሁን አያስቀርም። ከመቀመጫዎቹ ከፊሉ ግን ፓርቲዎች ባገኙት ድምፅ ልክ እንዲከፋፈል ሕጉ ይሻሻል ይላል። ይህ ብናሸንፍ የእኛንም ወንበር ይቀንሳል፤ እናውቃለን። ሆኖም ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት የነጋዴውን ግብር፣ የከተማውን ውኃ፣ የወጣቱን ሥራ አጥነት አንስቶ ሹሙን የሚሞግት አይገኝም።

ወገኖቻችን! «የእኔ ድምፅ ምን ይለውጣል?» ብላችሁ ካርዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አታስቀሩት። በዚህ ሥርዓት በአንድ ድምፅ የበለጠም ያልፋል። ተመዝገቡ፤ ምረጡ፤ በጣቢያው የሚለጠፈውን ውጤትም ቆማችሁ አንብቡ!