የቤት ኮምፒዩተርና የማስፈቀድ ሥርዓት

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም።

የዛሬው ዝግጅታችን መነሻ ከሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ከተበላ የደረሰን ደብዳቤ ነው። የጻፈችልን እህት የሴቶች የቁጠባ ማኅበር ሒሳብ ትይዛለች። ቤታቸው ያለው ላፕቶፕ አንድ ነው። እርሷ ሒሳቡን ትሠራበታለች፤ ባለቤቷ የሱቁን ዕቃ ይመዘግብበታል፤ ልጆቹ ፊልም ያዩበታል፤ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት የሚመጣው የባለቤቷ ወንድምም ቴሌግራም ይከፍትበታል። ይኸው ወጣት የትኛዋ ጎረቤት ብድሯን መክፈል እንዳቃታት ከፋይሉ አንብቦ ለጨዋታ ያህል አወራው። ወሬው ገበያ ደረሰ። ያቺ ጎረቤት ከዚያ ወዲህ እህታችንን ሰላም አትላትም። ኮምፒዩተሩን ልቆልፍ ብትል ደግሞ ባለቤቷ «የምትደብቂው ነገር ቢኖር ነው» አላት። መቆለፌ በትዳሬ ላይ ክሕደት ነውን? ስትል ትጠይቃለች።

አይደለም እንላለን።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ኑር ወደ ሰው ቤት ከመግባታችን በፊት እንድናስፈቅድና ሰላምታ እንድናቀርብ አዞናል (24፡27)። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው የዚያኑ ሱራ 58ኛ አንቀጽ ነው። እርሱ የሚናገረው ስለ እንግዳ ሳይሆን እዚያው ቤት ስለሚኖሩት ነው። ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች እንኳ ከፈጅር ሶላት በፊት፣ በቀትር ልብስ በሚወልቅበት ጊዜና ከዒሻ ሶላት በኋላ አስፈቅደው እንዲገቡ ታዟል። በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር ማስፈቀድን አላስቀረም ማለት ነው። ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስም አንድ ሰው በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ክፍል ቀዳዳ አጮልቆ ባየ ጊዜ፣ ማስፈቀድ የተደነገገው በዓይን ምክንያት መሆኑን ነግረውታል። ሰውየው እግሩን አላስገባም፤ ያስገባው ዓይኑን ብቻ ነው። የሰው መልእክት ከፍቶ የሚያነብም ከዚህ የራቀ አይመስለንም። ሱረቱል ሑጁራት (49፡12) ደግሞ መሰለልንና ሐሜትን አከታትሎ ይከለክላል። በተበላው ቤት የሆነውም በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ለባለቤቷ የምንለው አለን። ወንድማችን ሆይ፣ በዚያ ፋይል ያለው ምስጢር የሚስትህ አይደለም፤ የሌሎች ሴቶች አማና ነው። የሱቅህን የዱቤ ደብተር መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ አይደል የምታድረው? በዚህ ማን ጠረጠረህ?

የአገራችንም ሕግ ይህን ያውቃል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ማስታወሻና ደብዳቤን ብቻ ሳይሆን በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትንም ይጠብቃል። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ኮምፒዩተር መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። የቤት ጉዳይ ፍርድ ቤት ይድረስ ማለታችን ግን አይደለም። ወጣቱ ወደ ጎረቤቲቱ ሄዶ አውፍ ቢጠይቅ እንመርጣለን።

ወላጅ ልጁን አይከታተል አንልም፤ ኃላፊነት አለበት። ግን በግልጽ ይሁን። ኮምፒዩተሩ ሳሎን ይቀመጥ፤ ምን እንደሚፈቀድና ማን እንደሚያይ ልጁ አስቀድሞ ይወቅ። ታላቅ ወንድም ተደብቆ የእኅቱን መልእክት ማንበቡ ክትትል ሳይሆን ስለላ ነው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ፋይልን ስሙን ለውጦ ከሌላ ፎልደር ሥር መሸሸግ አይጠቅምም፤ ልጆች ከእኛ ቀድመው ያገኙታል። በዊንዶውስ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንትና የይለፍ ቃል መክፈት ይቻላል። አስተዳዳሪ የሚባለው አካውንት ግን የሌሎችንም ፋይል መክፈት ስለሚችል ለልጆችና ለእንግዳ አይሰጥም። የይለፍ ቃሉ የልጅ ስም ወይም የትውልድ ዓመት አይሁን፤ እነዚህን ቤተሰብ ሁሉ ያውቃቸዋል። ቡና ለማፍላት ስትነሺ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤልን አብረሽ ተጫኚ፤ ይቆለፋል። ብሮውዘሩ የይለፍ ቃል ላስቀምጥልሽ ሲል በጋራ አካውንት ላይ ከሆንሽ እምቢ በይ። የግል መስኮት የሚባለውም የሚያስቀረው የጎበኘሻቸውን ገጾች ዝርዝር ነው፤ ያወረድሽው ፋይል እዚያው ይቀራል። ቴሌግራምና ዋትስአፕ በሴቲንግ ውስጥ የትኞቹ መሣሪያዎች ላይ እንደተከፈቱ ያሳያሉ። የማታውቂው ካለ ዝጊው፤ አንድ ጊዜ ላፕቶፕ ላይ ተከፍቶ የተረሳ ቴሌግራም ስልክሽን ሳይነካ ሁሉን ያስነብባልና። የሒሳቡ ቅጂ ያለበት ፍላሽም ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አይደር።

የይለፍ ቃሉን ለባለቤቴ ልስጥ ወይ ላልሽው፣ የግልሽን መስጠት የእናንተ የሁለታችሁ ምክክር ነው። የማኅበሩን ግን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በታሸገ ፖስታ ለማኅበሩ ሰብሳቢ አስረክቢ፤ ብትታመሚ ወይም መንገድ ብትሄጂ ሒሳቡ እንዳይቆም።